ዶሲሜትሪ ወይስ ሜዲካል ፊዚክስ?

ለገጣፎ ወይም ሰበታ ሆናችሁ በጨረር ሕክምና ማስተርስ ለመማር ካሰባችሁ፣ መጀመሪያ የዕለት ሥራውን እዩ። ዶሲሜትሪስት በሲቲ ምስል ላይ ጤነኛ አካላትን በመስመር እየከበበ የጨረሩን ዕቅድ ያወጣል፤ ለምሳሌ 50 ግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ) በ25 ጊዜ ተከፋፍሎ እንዲሰጥ ሲታዘዝ ዕጢው ሙሉውን እንዲያገኝ፣ ኅብለ ሰረሰር ግን ከ45 ግሬይ ገደማ እንዳያልፍ። መስመሩ ጥቂት ሚሊሜትር ከሳተ ስሌቱ ያማረ መስሎ ታማሚው ሊጎዳ ይችላል፤ ኮምፒውተሩ የሚያሰላው የተሰመረለትን ብቻ ነውና። የሜዲካል ፊዚክስ ባለሙያው (ፊዚሲስቱ) ደግሞ የጨረር ማሽኑን ይጠብቃል፤ ማሽኑ የሚያወጣው ጨረር በጠዋቱ ልኬት ከሚጠበቀው ከ3 በመቶ በላይ ከተዛነፈ ምክንያቱ ሳይጣራ ሕክምና አይጀመርም።

የዶሲሜትሪን ንድፈ ሐሳብ ከቤት በኢንተርኔት መማር ይቻላል። ልምምዱ ግን የጨረር ማሽን ያለበት ሆስፒታል ይፈልጋል፤ ትምህርት ቤቱ እዚህ ያለ ሆስፒታልን ይቀበል እንደሆነ ሳትከፍሉ ጠይቁ።

ዶሲሜትሪስት የሚባል የሥራ መደብ በሌለበት ሆስፒታል ዕቅዱንም የሚሠራው ፊዚሲስቱ ነው። ስለዚህ የፊዚክስ ዲግሪ ይዞ እዚሁ መቀጠር ለሚፈልግ ሜዲካል ፊዚክስ ይሻላል ባዮች ነን።