«4ኬ» የተባለችው ቦክሴ፣ ከስምንት ወር በኋላ

ጥር 2017 ላይ ደሴ ፒያሳ ካሉት የኤሌክትሮኒክስ ሱቆች አንዱ ገብቼ አንድሮይድ ቦክስ ገዛሁ። ጥቁር ናት፣ መዳፍ ታክላለች። ካርቶኗ ላይ «4ኬ» (እጅግ የጠራ ምስል ማለት ነው) የሚለው ጽሑፍ ግን ከራሷ ከቦክሷ ይገዝፋል። «ኔትፍሊክስ ይሠራል?» አልኩት ልጁን። «ኧረ ጋሼ፣ ምን የማይሠራ አለ!» ብሎ እዚያው ከፍቶ አሳየኝ። ቀይዋ ፊደል ብቅ ስትል ከፈልኩና ወጣሁ። ዛሬ ሳስበው ልጁ አልዋሸኝም። ይሠራል። በምን ጥራት እንደሚሠራ ያልጠየቅኩት እኔ ነኝ።

ስሟን አልጠራም። ብጠራውም አይጠቅማችሁም፤ የዚህ ዓይነት ቦክሶች ሆዳቸው አንድ ሆኖ ካርቶናቸው ነው የሚለያየው።

ከደግ ደጉ ልጀምር። ዩቲዩብ ላይ እንከን የላትም። እናቴ ከሰዓት በኋላ ቡናዋን አቅርባ ድራማዋን ስትከፍት አንድም ቀን አላሳፈረቻትም። ፍላሽ ሲሰካባትም ያገኘችውን ሁሉ ታጫውታለች። ሙቀት የሚባል ጣጣም አላየሁባት፤ እርግጥ ያለነው ደሴ ነው። የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ ሲያድር ድመታችን ሙቀት ፍለጋ አጠገቧ ትጠቀለላለች።

ነገር የመጣው ፊልም ላይ ነው። የኔትፍሊክሱን ሂሳብ የምትከፍለው ዱባይ ያለችው ታናሽ እህቴ ናት፤ እዚህ ሆኖ በዶላር የሚከፍል ካርድ ማግኘት ራሱን የቻለ ሥራ ነውና። የገዛችው ደግሞ ትልቁን ጥቅል ነው፣ 4ኬ የሚፈቅደውን። ታዲያ 43 ኢንቹ ቴሌቪዥናችን ላይ የሰው ፊት በውሃ እንደታጠበ ሥዕል ይደበዝዛል። ጥርት ብሎ የሚታየው ከታች ያለው የትርጉም ጽሑፍ ብቻ ነው። «ኔትወርክ ነው» አልን። እኛ አገር ለሁሉም ነገር ኔትወርክ ነው። ሁለት ወር ሙሉ ኔትወርኩን ስንረግም ከረምን። ሌሊት ሰው ሲተኛ ሞከርኩ፣ ያው ነው። ራውተሩን ቦታ ቀየርኩለት፣ ያው ነው።

ዓይኔን የገለጠልኝ ዩቲዩብ ነው። በዚያው ሰዓት፣ በዚያው መስመር፣ የ4ኬ ቪዲዮ ሳይቆራረጥ ይፈስሳል። ኔትፍሊክስ ራሱ ለ1080 ጥራት 5 ሜጋ ቢት በሰከንድ፣ ለ4ኬ ደግሞ 15 ይበቃል ይላል። የቤቴን መስመር ስለካው ከ20 በላይ ነው። በከንቱ ነው የረገምነው። ከዚያ አፑ ውስጥ ገብቼ፣ ቅንብሩ ሥር ያለውን የማጫወቻ መረጃ ስከፍት አንዲት አጭር ቃል አገኘሁ፦ ዋይድቫይን ኤል3።

ዋይድቫይን የጎግል መቆለፊያ ነው። መጀመሪያ ራሱን የቻለ ኩባንያ ነበር፤ ጎግል በ2010 እ.ኤ.አ. ገዛው። ፊልሙ በኢንተርኔት የሚመጣው ተቆልፎ ነው፤ ቁልፉ ለብቻው ይላካል። ዲሽ የነበረው ሰው ካርዱ ካልተሞላ የሚጠቁረውን ቻናል ያውቃል። ዘሩ ያው ነው። ጥያቄው ቁልፉ እናንተ ቤት ከደረሰ በኋላ የት ይቀመጣል የሚለው ነው። ኤል1 በተባሉ ዕቃዎች ፕሮሰሰሩ ውስጥ ተለይቶ የታጠረ ክፍል አለ። ቁልፉን መክፈትም፣ ምስሉን ማዘጋጀትም እዚያው አጥር ውስጥ ያልቃል። ኤል3 ላይ ግን ሁሉም የሚሠራው በተራ ሶፍትዌር ነው። ጎበዝ ሌባ እጁን ሊያስገባ ይችላል። ፊልም ሰጪውም ይህን ስለሚያውቅ ጥሩውን ቅጂ ለኤል3 አይሰጥም። ኔትፍሊክስ የሚሰጠው 480 ነው፤ በቃ።

480 ማለት ምን ማለት ነው? ምስሉን 720 በ480 ነጥብ ብለን ብናሰላው፣ 4ኬ የዚያ 24 እጥፍ ነው። እህቴ ከምትከፍልበት 24 እጅ ውስጥ 23ቱ ደሴ ሳይደርስ ይቀራል ማለት ነው።

ይበልጥ ያናደደኝ ስልኬ ነው። ርካሽ ስልክ ናት፣ መስታወቷም ተሰንጥቋል። እሷ ግን ኤል1 ናት። መዳፌ ላይ ያለችው ስንጥቅ ስልክ ከሳሎኑ ቴሌቪዥን የተሻለ ፊልም ታሳያለች። ቦክሷ እኮ አቅም አላጣችም፤ የዩቲዩቡን 4ኬ እንደ ውሃ ትጠጣዋለች። ያጣችው አመኔታ ነው።

አንድ ጥገና ቤት ወሰድኳት። «አቦ ይሄ ቀላል ነው፣ ፍላሽ እናድርጋት፣ ሶፍትዌሯን እንቀይረው» አለኝ ባለሙያው። እንኳን አላደረግኩት። የኤል1 ቁልፍ ለእያንዳንዱ ዕቃ ፋብሪካ ውስጥ የሚገባ ነገር ነው። ቡትሎደሩን (ዕቃው ሲነሳ ሶፍትዌሩን የሚጭነውን ፕሮግራም) መክፈትና ሶፍትዌር መቀየር እንዲያውም ኤል1 የነበረውን ወደ ኤል3 ሊያወርደው ይችላል። የታወቁት ብራንዶችም ተቸግረውበታል። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው ፖኮ ኤፍ1 ስልክ ኤል3 ሆኖ መጥቶ በማግሥቱ ዓመት በአፕዴት ነው የተስተካከለው። የዋንፕላስ 5 እና 5ቲ ባለቤቶች ደግሞ ኤል1 እንዲገባላቸው ስልካቸውን ለኩባንያው መላክ ነበረባቸው። እኔ ደግሞ መላኪያ አድራሻ ብፈልግ፣ ካርቶኗ ላይ ከ«4ኬ» ሌላ የረባ ነገር አልተጻፈም።

አሁን ወደ ሚያዝያው ጉድ ልግባ። አንድ ማታ ምንም አልከፍት አለች። ኔትፍሊክስ የለም፣ ዩቲዩብ የለም፣ የእናቴ ድራማ የለም። ኢንተርኔቱ አለ፣ ስልካችን ላይ ይሠራል። በማግሥቱም ያው። እናቴ «መብራቱ መጣ ሄደ ሲል ተቃጥላ ይሆናል» ብላ አዘነችላት። ሁለት ቀን ስፈትሽ ከርሜ በስተመጨረሻ ጥጉ ላይ ያለችውን ሰዓት አየኋት። ከእጅ ሰዓቴ ጋር አንድ ናት፣ ማታ ሦስት ሰዓት ትላለች። መቼም ቦክስ በሐበሻ አትቆጥርም! የእህቴን ልጅ ጠራሁት። ሰዓቱ በእኛ እንዲሆን ብሎ አውቶማቲኩን አጥፍቶ በእጁ አስተካክሎታል። በዚያ ቢያበቃ ደግ ነበር። ቀኑንም ነክቶታል። ዓመቱን 2017 አለው፤ ወሩን፣ ሚያዝያ ስምንተኛ ነውና፣ 8 ብሎ ሞላው። ለእኛ ትክክል ነው። ለቦክሷ ግን ኦገስት 2017 ነው። ስምንት ዓመት ገደማ ወደ ኋላ ሄዳለች።

ለምን ሁሉም ነገር ተዘጋ? አፑ ከሰርቨሩ ጋር ሲነጋገር መጀመሪያ የሚጠይቀው የዲጂታል የምስክር ወረቀት ነው። ወረቀቱ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ይጸናል ተብሎ የተጻፈበት ነው። ቦክሷ ቀኗን ታያለች፣ ወረቀቱን ታያለች፤ ወረቀቱ ገና አልተወለደም። ታዲያ እንዴት ትመነው? የፊልም ፈቃዱም በጊዜ የተወሰነ ስለሆነ ሰዓት የተዛባበት ዕቃ ላይ ጣጣ ያመጣል። አውቶማቲኩን መልሼ ስከፍተው በደቂቃ ውስጥ ሁሉም ተመለሰ። እግዜር ይመስገን ጳጉሜን ላይ አልሆነ፤ 13ኛ ወር ፈልጎ ስክሪኑን ይሰብረው ነበር።

ሌላ ደግሞ ፍላሽ አለ። ደሴ ውስጥ ፊልም ማለት ለብዙ ሰው ፍላሽ ላይ የተገለበጠ ነገር ነው። የእህቴ ልጅም ስልኩ ላይ ያወረዳቸውን የኔትፍሊክስ ፊልሞች ፎልደሩን ፈልፍሎ አግኝቶ ፍላሽ ላይ ገለበጣቸው። ቦክሷ ላይ ሲሰካ ወይ ፍንክች። የገለበጠው የተቆለፈውን ሳጥን ነው፤ ቁልፉ ስልኩ ውስጥ ቀርቷል። ስልኩ ውስጥም ለዘላለም አይቀመጥም። አንዳንዱ ማየት በጀመራችሁ በ48 ሰዓት ይዘጋል። ዓርብ ጀምሮ ሰኞ ልጨርስ ያለ ሰው ተዘግቶ ያገኘዋል።

ግንቦት ላይ ኮምቦልቻ የሚሠራ ጓደኛዬ ሚ ቦክስ ኤስ የምትባለውን ይዞልኝ የሀረጎን ዳገት ወጣ። ለአንድ ሳምንት አዋሰኝ። ኔትፍሊክስ ያጸደቃት ዕቃ ናት፣ ኤል1 ናት። ያንኑ ፊልም፣ በዚያው ቴሌቪዥን፣ በዚያው መስመር ከፈትነው። እናቴ «መነጽር አደረግክልኝ እንዴ?» አለች። ልዩነቱ ምስል ላይ ብቻም አይደለም። የእኔዋ ላይ ያለው የስልክ አፕ ስለሆነ በሪሞት ቀስት አይታዘዝም፤ የማውስ ምልክት እያንሸራተቱ መጫን ነው። ፕሌይ ስቶር ላይ አፑን ለማደስ ስፈልገው ደግሞ ከነጭራሹ አይመጣም። የጓደኛዬ ቦክስ የተሠራችው ለቴሌቪዥን ነው፤ እናቴ በሦስተኛው ቀን ብቻዋን ትከፍታት ነበር።

የጓደኛዬ ቦክስም ግን ኩራት አለባት። ቅዳሜ ዕለት ሰብሰብ ብለን ፊልም እንይ ብለን አሮጌ ፕሮጀክተር በቪጂኤ (በድሮው የምስል ገመድ) መቀየሪያ ስናገናኛት ፊልሙን አላሳይም አለች። ኤችዲሲፒ የሚባል፣ ኢንቴል የፈጠረው ሌላ መቆለፊያ አለ፤ ገመዱን ራሱ ይጠብቃል። ኤችዲኤምአይ ላይ ሁለቱ ዕቃዎች ይተዋወቃሉ፤ ቪጂኤ ላይ መተዋወቂያ የለም። ለ4ኬማ ኤችዲሲፒ 2.2 ነው የሚጠየቀው፤ ቴሌቪዥኑም፣ በመካከል የሚገባው ማከፋፈያም ሳይቀር። እኛም ወደ እኔዋ ተመለስን። እሷ በ480 ምንም ሳታጉረመርም አሳየችን። ያን ቀን ብቻ ወደድኳት።

አንድ ነገር በአጭሩ። በጁን 2025 እ.ኤ.አ. ኤፍቢአይ «ባድቦክስ 2.0» ስለተባለ ነገር አስጠንቅቋል። ርካሽ የቴሌቪዥን ቦክሶችና ሌሎች ዕቃዎች ገና ሳይሸጡ፣ ወይም ሲከፈቱ በሚወርድ አፕ፣ ቫይረስ ይዘው ይገኛሉ ነው የሚለው። የእኔዋ አለባት አልልም። ግን ቴሌብርም ሆነ ባንክ የሚነካ ነገር አላስገባባትም፤ የጎግል አካውንቱም ለእሷ ብቻ የተከፈተ ነው።

ልትገዙ ካሰባችሁ ሱቁ ውስጥ ሁለት ደቂቃ ውሰዱ። ስልካችሁን ሆትስፖት አድርጋችሁ ፕሌይ ስቶርን ክፈቱ፤ ቅንብሩ ውስጥ ዕቃው የተረጋገጠ ነው ወይስ አይደለም የሚል መስመር አለ። ከዚያ ኔትፍሊክሱ የስልክ አፕ ከሆነ የማጫወቻ መረጃውን እዩ፤ ኤል1 ወይም ኤል3 ይላል። ሪሞቱ ላይ የኔትፍሊክስ ቁልፍ መኖሩ አያታልላችሁ፣ የእኔዋም አላት። ለዩቲዩብና ለፍላሽ ብቻ ከሆነ ግን እንደ እኔዋ ያለችው ትበቃለች፤ ለተጸደቀው ተጨማሪ ብር አታውጡ።

እኔ ክረምት ላይ ለሳሎን የተጸደቀ ቦክስ ገዛሁ። የድሮዋ አሁን እናቴ ክፍል ናት። ሰዓቷ በፈረንጅ ነው፤ ማንም እንዳይነካው ተብሏል። እናቴም አልጋዋ ላይ ሆና ስድስት እየቀነሰች ታነባለች።