ዱባይ ለሚገኙት የካርት መካኒካችን ምስጋና፣ ለወላጆችም ጥቆማ

የልጄን ካርት (ትንሽ፣ ክፍት የመወዳደሪያ ተሽከርካሪ) የሚይዙልን፣ እኔም እሱም «ጋሼ» የምንላቸው ኢትዮጵያዊ ባለሙያ ስማቸው በአደባባይ እንዲጻፍ አይወዱም። ፈቃዳቸውን አክብሬ ስማቸውን እተወዋለሁ። ሥራቸውን ግን ሳልናገር ባልፍ ኅሊናዬ አይፈቅድልኝም።

ልጄ 13 ዓመቱ ነው። የሚነዳው ያገለገለ ካርት ሲሆን፣ የተገጠመለት ሮታክስ ጁኒየር ማክስ የሚባለው ባለ 125 ሲሲ፣ 23 የፈረስ ጉልበት ሞተር ነው። የሚለማመደውም ሞተር ሲቲ በሚባለው ሰፈር ባለው የካርት መንጃ ሜዳ፣ በዱባይ ካርትድሮም ነው። ባለፈው የውድድር ወቅት ካርቱ ኩርባ ላይ ደህና ሆኖ ሳለ ቀጥታው መንገድ ላይ ከእኩዮቹ ወደኋላ መቅረት ጀመረ። የወሰድንበት ጋራዥ ሞተሩ ደክሟል፣ ተፈቶ ፒስተኑም ሲሊንደሩም ይቀየር አለን። የተጠየቅነው ገንዘብ ካርቱን ከገዛንበት ዋጋ ብዙም የሚያንስ አልነበረም። ልጄ ነገሩ በቃ ተስፋ የለውም ብሎ አንገቱን በደፋበት ሰሞን ነው አንድ የሀገር ልጅ አል ቁዝ በሚባለው የዱባይ ሰፈር ወደሚሠሩት ጋሼ የመራን።

ጋሼ ሞተሩን አልነኩትም። ካርቱን ማቆሚያው ላይ አስቀምጠው ሰንሰለቱን አወለቁና የኋላውን አክስል፣ ማለትም ሁለቱን የኋላ ጎማዎች የሚያገናኘውን ዘንግ፣ በእጃቸው አሽከረከሩት። ጥቂት ዞሮ ቀጥ አለ። «ና ልጄ፣ አንተም ሞክረው። እንዲህ የታሰረ ነገር እየጎተተ ሞተሩ ምን ያድርግ?» አሉት። አክስሉን የሚሸከሙት ኩሽኔታዎች ሻሲው ላይ በብሎን የታሰሩ ናቸው፤ አንዱ ትንሽ ተዛንፎ ከታሰረ አክስሉን ሰቅዞ ይይዘዋል። ብሎኖቹን በሙሉ አላሉ። አክስሉን እያሽከረከሩ ኩሽኔታዎቹ ራሳቸው ቦታቸውን እንዲይዙ አደረጉ። ከዚያም አንዱን ብሎን ጥቂት፣ ሌላውን ጥቂት፣ በየመሀሉ አክስሉን እየሞከሩ አጠበቋቸው። የፍሬኑ ሸራም ዲስኩን ሲነካ ነበርና እሱንም አስተካከሉት። ሲጨርሱ ልጄን በአንድ ጣት እንዲገፋው አደረጉት፤ አክስሉ ያለ ድምፅ ሲዞር ቆየ። የከፈልነው የእጅ ዋጋ ብቻ ነው። በሚቀጥለው ልምምድ ልጄ ቀጥታው መንገድ ላይ ከጓደኞቹ እኩል ነበር።

እምነቴን ያጸናው ደግሞ ሌላ ነገር ነው። የሮታክስ ሞተር ማኅተም አለው፤ ፈቃድ ያለው የአገልግሎት ማዕከል ከፍቶ እንደገና ካላተመው በስተቀር ለውድድር አይቀርብም። የመጀመሪያው ጋራዥ ስለዚህ አንድም ቃል አልተነፈሰም። ጋሼ ግን ገና በመጀመሪያው ቀን «እኔ ይህ ፈቃድ የለኝም፤ ሞተሩ የሚፈተሽበት የሥራ ሰዓት ሲሞላ ወደ ማዕከሉ ትወስዱታላችሁ» አሉን። ሞተሩ የሠራውን ሰዓት ልጄ በደብተር ይመዘግባል። የጎማውን ንፋስ፣ የአየሩን ሙቀት፣ የካርቡራተሩን ጂግለር (የነዳጅ መመጠኛ ቀዳዳ) ቁጥርም እንዲሁ። ዱባይ ላይ ይህ ዋዛ አይደለም። ከሰዓት በኋላ የጋለው አየር ማታ ሲቀዘቅዝ ጥቅጥቅ ስለሚል ሞተሩ ተጨማሪ ነዳጅ ይፈልጋል፤ ጂግለሩ ካልተቀየረ ነዳጁ ያንሰውና ፒስተኑ ይቃጠላል። አሸዋውም አለ። የሰንሰለቱ ቅባት ላይ ተጣብቆ ጥርሱን እንደ ሞረድ ይበላዋል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ልምምድ በኋላ ሰንሰለቱና የአየር ማጣሪያው ሳይጸዱ ልጄ ወደ ቤት አይሄድም።

እንደ ወላጅ ከሁሉ በላይ የማመሰግናቸው ግን ስለ ሻሲው ነው። ካርት እንደ መኪና ሞላ የለውም፣ የግራና የቀኝ ጎማዎች በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ የሚያደርግ ዲፈረንሻልም የለውም። ኩርባ ሲገባ በውስጥ በኩል ያለው የኋላ ጎማ ከመሬት ትንሽ መነሳት አለበት፤ ለዚህም የሻሲው ቱቦ ራሱ ይተጣጠፋል። ቀኑን ሙሉ የሚተጣጠፍ ብረት ደግሞ ይደክማል። ጋሼ ሻሲውን ጠርገው የብየዳውን ጠርዝ ሁሉ በእጅ መብራት ይመረምራሉ። አንድ ቀን ከመቀመጫው ድጋፍ ሥር ፀጉር የምታህል መስመር አዩ፤ ለሌላ ሰው የቀለም ጭረት ነበረች። ቀጭን ዘይት ቀቡባት፣ ጥቂት ቆይተው በደረቅ ጨርቅ ጠረጉት፣ ላዩ ላይ ጠመኔ ነሰነሱ። ስንጥቁ ውስጥ የቀረው ዘይት ነጩ ጠመኔ ላይ ጥቁር ክር ሆኖ ወጣ።

በማግስቱ ውድድር ነበር። ልጄ ለመናቸው፤ እኔም ትንሽ ነገር ናት በሚል አስተያየት አየኋቸው። «ይህ ሳይበየድና ሳይለካ ከዚህ አይወጣም» አሉ፣ ድምፃቸውን ሳያነሡ። ሌላ ሰው ቢሆን ደንበኛ ላለማስቀየም ዝም ባለ ነበር። ልጄን ከአደጋ የጠበቀልኝ ይህ ቆራጥነታቸው ነው ብዬ በሙሉ ልቤ አምናለሁ።

ዱባይ፣ ሻርጃና አቡ ዳቢ ያላችሁ፣ ልጃችሁ ካርት የሚነዳ ከሆነ ጋሼ ዘንድ ውሰዱት። ጥድፊያ አይወዱም፤ ለነገ ውድድር ዛሬ ማታ ይዛችሁ ብትሄዱ ላይቀበሏችሁ ይችላሉ። ዕቃ ከመቀየር ይልቅ ያለውን ማስተካከል ያስቀድማሉ፤ የግድ መቀየር ካለበት ደግሞ አሮጌውን አውጥተው ለምን እንዳበቃለት ያሳያሉ።

ጋሼ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልን፤ ለልጄ ያደረጉለትን እግዚአብሔር በልጆችዎ ይክፈልዎት። አድራሻቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሳቸውን አስፈቅጄ እልካለሁ። ስትሄዱ ልጁን አብራችሁ ውሰዱ፤ ነጂውን ሳያነጋግሩ ካርት አይረከቡም።