የአውሮፕላን መጎተቻዬ ከስድስት ወር በኋላ፦ የጎዳኝ ቅለቱ ነው

ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው። ባለፈው ሳምንት፣ አመሻሽ ላይ፣ አዘዞ ዝናቡ እንደ ጉድ ሲወርድ ሴስናዋ፣ ትንሿ አውሮፕላን፣ በግማሽ መንገድ ቆመችብኝ። ጅራቷ መጠለያው ውስጥ፣ አፍንጫዋ ዝናብ ላይ። የመጎተቻው ሞተር ይጮኻል፣ ጎማው በባዶ ይሽከረከራል፣ አውሮፕላኗ ግን ንቅንቅ አትልም።

ጥበቃው ጋሼ ጃንጥላቸውን ጥለው መጡ። «ልጄ፣ ተወው ይሄን ነገር፣ እንግፋት» አሉኝ። ሌላ ልጅም ሊያግዘን ሮጦ መጣና ፕሮፔለሩን ሊይዝ እጁን ዘረጋ። ጮህኩበት። ሞተር ጠፍቷል ተብሎ ፕሮፔለር አይነካም። የማግኔቶው (ለሞተሩ የእሳት ብልጭታ የሚሰጠው ክፍል) ሽቦ ተበጥሶ ከሆነ ቁልፉ ተዘግቶም ሊነሣ ይችላል። የክንፎቿን ደጋፊ ዘንግ ይዘን ለሦስት ገፋናት፣ ገባች። እኔ ግን እስከ አጥንቴ ርሻለሁ፣ እቃው ደግሞ ደጅ ቆሟል።

የገዛሁት ጥር ላይ፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ ነው። ያን ሰሞን ጎንደር በእንግዳ ትሞላለች። አውሮፕላኗን በቀን ሦስት አራቴ በእጅ ስናወጣ ስናስገባ ወገቤ አልቆ ነበር።

ኤሌክትሪኩን መምረጤ አሁንም አይቆጨኝም። የእኛ አፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ተራ የቤንዚን ሞተር እዚህ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። ኤሌክትሪክ ሞተር ግን አየር አይፈልግም። ባትሪውም ቢሆን መብራት ጠፍቶ በዋለበት ቀን እንኳ አላሳፈረኝም። እስከ ሰኔ ድረስ ምንም አላልኩም።

ሻጩ በስልክ ደጋግሞ የነገረኝ አንድ ነገር ነው፦ «35 ኪሎ ብቻ ነው፣ አንድ ሰው አንሥቶ ፒክአፕ ላይ ይጭነዋል።» እውነቱን ነው፣ ብቻዬን ጭኜዋለሁ። ግን ወንድሜ፣ እኔ የፈለግኩት የሚጎትት እቃ ነው። እቃው ቀላል ሲሆን ጎማው መሬቱን አይጨብጥም። ይህን ለምን አልነገርከኝም?

ሒሳቡ እኮ ከባድ አይደለም። ሴስና 172 ነዳጅ ሞልታ ወደ አንድ ቶን ትጠጋለች። ደልዳላ ኮንክሪት ላይ እሷን ለማንቀሳቀስ 15 ኪሎ ያህል ግፊት ይበቃል። አንድ በመቶ ብቻ ዳገት ካለ ሌላ 10 ኪሎ ጨምርበት፣ 25 ሆነ። 35 ኪሎ የሚመዝን መጎተቻ ኮንክሪቱ ደረቅ ሲሆን ቢበዛ ያችን 25 ኪሎ ያህል ይገፋል። ለዚህ ነው በጋውን ሙሉ በጭንቅ ሲወጣት የከረመው፣ እኔ አላስተዋልኩም እንጂ። ኮንክሪቱ ሲረጥብ ጉልበቱ ወደ 14 ይወርዳል። አለቀ።

«ሞተሩ እኮ ጠንካራ ነው» ትለኝ ይሆናል። ይሁን! ጎማው መሬት ካልያዘ የሞተር ጥንካሬ ጎማ ከመብላት በቀር ምን ይፈይዳል? ቶው ባር (ከአውሮፕላኗ የፊት ጎማ ጋር የሚያያይዘው ዘንግ) ተሰክቶለት የሚገፋው ዓይነት ያለው የራሱ ክብደት ብቻ ነው። የአውሮፕላኗን የፊት ጎማ አንሥቶ ራሱ ላይ የሚያስቀምጠው ዓይነት ግን የአፍንጫዋን ክብደት ይበደራል። ሲገፋ የሚከብደው እሷው ናት። እንዲህ ያለውን የሠራ ሰው ነገሩ ገብቶታል። እኔ በዋጋው ልዩነት ተሸንፌ የመጀመሪያውን ገዛሁ። ስህተቱ የኔም ነው።

አሁን እዚሁ አዘዞ ያለ በያጅ ከጎማዎቹ በላይ የብረት መደብ ሠራልኝ፣ 40 ኪሎ ቁርጥራጭ ብረት ጫንኩበት። በዝናብ ሞከርኩት፣ ወጣላት። ደስ ብሎኛል፣ ግን 75 ኪሎ ስለሆነ ብቻዬን ማንሣት ቀረ።

ሞት ይርሳኝ፣ አንድ ነገር አለ። የሴስናዋ የፊት ጎማ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ከ30 ዲግሪ በላይ መዞር የለበትም። በእጅ ስትጎትት ጫፍ ላይ መድረሱን ክንድህ ያውቃል። ሞተር ግን አያውቅም፣ ዝም ብሎ ይጠመዝዛል። ብረቱ ከተጫነበት ወዲህ ደግሞ ይበልጥ ያስፈራኛል። ቶው ባሩ ላይ በቀይ ቀለም ምልክት አድርጌያለሁ፣ ሌላ ሰው እንዲነዳውም አልፈቅድም።

ክረምቱ እስኪወጣ ብረቱ አይወርድም። ከመጪው ጥር በፊት ሸጬው ጎማ የሚያነሣውን እገዛለሁ። ፈላጊ ከመጣ ግን ዝናብ ላይ አስሞክሬ ነው የምሸጥለት።