ትሬዞር ሴፍ 3፦ ዕቃዋ ጥሩ ናት፣ ወረቀቷን ግን ጠብቁ

ትሬዞር ሴፍ 3 የምትባለውን ሃርድዌር ዋሌት፣ ማለትም ቢትኮይንና መሰል ዲጂታል ገንዘብ (ክሪፕቶ) የሚያዝባትን ቁልፍ የምትጠብቅ ትንሽ መሣሪያ፣ ገዝቼ እየተጠቀምኩባት ነው፣ ለዋጋዋ ጥሩ ዕቃ ናት። በ2023 (እ.ኤ.አ.) ስትወጣ 79 ዶላር ነበረች። መዳፍ ውስጥ የምትጠፋ፣ ሁለት መጫኛና አንዲት ሚጢጢ ጥቁርና ነጭ ስክሪን ያላት ነገር ናት። ባትሪ የላትም፣ ብሉቱዝም የላትም፣ በገመድ ብቻ ነው የምትሠራው። እኔ ይሄ ተመችቶኛል። አምራቹ የፕራጉ ሳቶሺላብስ ነው፤ በ2014 (ይህም እ.ኤ.አ.) የመጀመሪያውን ሃርድዌር ዋሌት ገበያ ላይ ያዋለው እሱ ነው።

ሥራዋ ግልጽ ነው። የቢትኮይናችሁ ሚስጥራዊ ቁልፍ እሷ ውስጥ ተፈጥሮ እዚያው ይቀራል። ኮምፒውተሩ «ይህን ያህል ወደዚህ አድራሻ ላኪ» ይላታል፣ እሷ በስክሪኗ ታሳያችኋለች፣ ከተስማማችሁ ትፈርማለች። ኮምፒውተራችሁ በቫይረስ የተጥለቀለቀ ቢሆን እንኳ ቁልፉን አያገኘውም። ስለዚህ ሌባው እናንተን ነው የሚሞክረው፣ ያውም ገና ስትገዙ ጀምሮ።

ከአምራቹ ድረ ገጽ ወይም እዚያ ስማቸው ከተዘረዘረ ሻጮች ብቻ ግዙ። ቴሌግራም ላይ «ያላገለገለ፣ ዋጋ በስምምነት» የሚል ሰው በነፃ ቢሰጣችሁም አትቀበሉ። አገር ቤት ላላችሁ ነገሩ ይከብዳል፤ ዕቃ የሚመጣው በሰው ሻንጣ ነዋ። የአክስት ልጅ ለጓደኛው፣ ጓደኛው ለሌላ መንገደኛ ሲያቀብል በመሃል ማን እንደነካካት አይታወቅም። ካርቶኗ ሳይከፈት ይምጣ ብላችሁ አደራ በሉ፣ «ሻንጣ እንዳይከብድ ማሸጊያውን ጣልኩት» እዚህ ላይ አይሠራም። (በነገራችን ላይ ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. በክሪፕቶ መገበያየት ሕጋዊ እንዳልሆነ አስታውቋል፣ እሱንም አስቡበት።)

ማካበድ እንዳይመስላችሁ። በ2023 (እ.ኤ.አ.) የኮምፒውተር ደኅንነት ኩባንያው የካስፐርስኪ ባለሙያዎች የሌላ ትሬዞር ሞዴል ፎርጅድ አግኝተው ፈትተው ነበር። ከውጭ እውነተኛውን ነው የሚመስለው፤ ውስጡ ግን ተቀይሯል፣ ለገዢው የሚያወጣለት ገንዘቡን የሚከፍቱት ሚስጥራዊ ቃላትም (ወደ ኋላ እመጣባቸዋለሁ) ሌባው አስቀድሞ የሚያውቃቸው ናቸው። በ2025 መጀመሪያ ደግሞ የተፎካካሪው የሌጀር ቤተ ሙከራ ሴፍ 3ም በሠለጠነ እጅ ተፈትታ ልትነካካ እንደምትችል አሳይቷል። ይሄ ከሩቅ የሚደረግ ነገር አይደለም፣ ዕቃዋን መያዝ ይጠይቃል። ለዚህ ነው በማን እጅ አለፈች የሚለው የሚያሳስበኝ።

ስትደርሳችሁ የዩኤስቢ ቀዳዳዋ ላይ የሚያብረቀርቅ ስቲከር ተለጥፎ ታገኛላችሁ። ተነካክቶ ከሆነ ተዉት፣ አትሰኩ። አዲሷ ዕቃ ፊርምዌር (የምትሠራበት የውስጥ ፕሮግራም) ሳይጫንባት ነው የምትመጣው፣ የሚጭነው ትሬዞር ስዊት የሚባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው። ተጭኖባት ከመጣች ወይም፣ ይባስ ብሎ፣ ቃላቱ በካርድ ተጽፈው ከመጡ፣ ከእናንተ በፊት የነካት ሰው አለ ማለት ነው። ስዊትን ጉግል ላይ ፈልጋችሁ አታውርዱ፣ ከላይ የሚወጣው ማስታወቂያ የአጭበርባሪ ሊሆን ይችላል። የአምራቹን ድረ ገጽ አድራሻ ራሳችሁ ጻፉት። ከዚያ ፕሮግራሙ ውስጧ ካለው የደኅንነት ቺፕ ጋር ተነጋግሮ እውነተኛ መሆኗን ያረጋግጥላችኋል።

አሁን ወደ ቃላቱ። ሴፍ 3 ዋሌት ስትፈጥሩ ስክሪኗ ላይ 20 የእንግሊዝኛ ቃል አንድ በአንድ ታሳያችኋለች። ገንዘባችሁ እነዚህ ቃላት ናቸው። ዕቃዋ ብትሰበር ወይም ብትጠፋ በቃላቱ ሌላ ላይ ትመልሱታላችሁ፣ ቃላቱን ያገኘ ሰው ግን ዕቃዋም ፒኗም ሳያስፈልገው ሁሉንም ይወስዳል። ፎቶ የለም፣ ስክሪንሾት የለም፣ ለራሴ በቴሌግራም ልላከው የለም። በእጅ ጻፉ፣ በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፉ። ሌባ እንዳያነበው ብሎ በአማርኛ ፊደል የሚገለብጥ ሰው አለ፤ በኋላ ሲመልስ ስፔሊንጉ ይጠፋበታል፣ ሐበሻ የሆነ ሌባ ደግሞ በደንብ ያነበዋል። ከካርቶኑ ጋር የሚመጣው ወረቀት ውኃ ከነካው አለቀ። ብዙ ገንዘብ ያለው ሰው ብረት ላይ ቢቀርጽ ይሻለዋል።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር ደግሞ አለ። 20ው ቃል ትሬዞር በነባሪነት የሚጠቀምበት አሠራር ሲሆን፣ ሌላው ዓለም በአብዛኛው የሚሠራው በ12 ወይም በ24 ቃል ነው። ሌጀር ለምሳሌ 20ውን አይቀበልም። አንድ ቀን ወደ ሌላ ብራንድ ልዛወር እችላለሁ ካላችሁ ስትፈጥሩ ምርጫውን ከፍታችሁ 12 ወይም 24 ውሰዱ። እኔ 24 ነው የመረጥኩት፣ አንድ ኩባንያ ላይ መታሰር አልወድም።

ፒኑ ላይ ብዙ አልቆይም። የልደት ቀን አታድርጉት፣ በቃ። ደጋግሞ ከተሳሳተ ዕቃዋ ውስጧ ያለውን ሁሉ ትሰርዛለች፣ ቃላቱ እስካሉ ግን ጉዳት የለውም።

ዋናውን ገንዘብ ከማስገባታችሁ በፊት ግን ፈትኗት። ትንሽ ላኩባት፣ ከዚያ ውስጧ ያለውን ሙሉ በሙሉ ሰርዙና በጻፋችሁት ቃላት መልሷት። ሂሳቡ ተመልሶ ከመጣ አጻጻፋችሁ ትክክል ነው። እውነቱን ለመናገር ቃላቱን በሁለት መጫኛ ፊደል በፊደል ማስገባት ትዕግሥት ይፈልጋል፣ ስክሪኗም ለደከመ ዓይን አይሆንም። በዚህ ምክንያት ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ መዘለል የሌለበት ግን ይሄ ነው። ስትልኩም ስትቀበሉም አድራሻውን ከትንሿ ስክሪን ጋር ሙሉውን አስተያዩ። ኮፒ ያደረጋችሁትን አድራሻ ፔስት ስታደርጉ የሚቀይር ቫይረስ አለና።

ፓስፍሬዝ የሚባል፣ ራሳችሁ የምትመርጡት ተጨማሪ የይለፍ ቃል የሆነ መቆለፊያም አላት። ጎበዝ ነገር ነው፣ ለጀማሪ ግን አልመክርም። አንድ ፊደል ብትስቱ «ተሳስተሃል» አይላችሁም፣ ሌላ ባዶ ዋሌት ነው የሚከፍትላችሁ። ስንቱ ተዘረፍኩ ብሎ ይደነግጣል!

ዕቃዋን ስትገዙ የቤት አድራሻችሁን ስትሰጡም አስቡ። በ2020 ከሌጀር የሽያጭ መዝገብ ወደ 272,000 የሚጠጉ ደንበኞች ስም፣ ስልክና የቤት አድራሻ ሾልኮ ወጥቶ፣ በቀጣዩ ዓመት አንዳንዶቹ ቤት ድረስ «የተበላሸውን ተክተንልሃል» የሚል ደብዳቤ ያለበት ፎርጅድ ዋሌት በፖስታ ተልኮላቸዋል። ኢሜይል ለብቻ ክፈቱ፣ ፖስታ ሳጥን ካላችሁ ወደዚያ አስልኩ። ማንም ደውሎ ወይም ጽፎ ቃላቱን ከጠየቃችሁ ሌባ ነው፣ የፈለገ ዩኒፎርም ይልበስ።

አንድሮይድ ስልክ ላይ በገመድ ትሠራለች። ኮምፒውተር የሌላችሁና አይፎን ብቻ የያዛችሁ ከሆነ ግን ሴፍ 3ን አትግዙ። አይፎን ላይ ሂሳብ ከማየትና ከመቀበል አያልፍም፣ መላክ አትችሉም።