«ከአሜሪካ የመጣ ኖቫሚን» እየተባለ ስለሚሸጠው የጥርስ ሳሙና

ቀዝቃዛ ውሃ ወይም ሎሚ በነካው ቁጥር ጥርሳችሁ የሚጠርስባችሁ ሁሉ፣ በቴሌግራም «ከአሜሪካ የመጣ፣ ኖቫሚን ያለበት፣ የተበላ ኢናሜልን (የጥርስን ጠንካራ የውጭ ሽፋን) በሳምንት የሚያበቅል የማዕድን ሕክምና» እየተባለ የሚቀርበውን የጥርስ ሳሙና ከመግዛታችሁ በፊት የጀርባውን ጽሑፍ እንድታነቡ አሳስባለሁ። እህቴ በፋርማሲ ከሚሸጡት ተመሳሳይ ሳሙናዎች ብዙ እጥፍ ከፍላ የገዛችው ሴንሶዳይን ሪፔር ኤንድ ፕሮቴክት የተባለው ሳሙና ኖቫሚን የሚባል ነገር የለበትም፤ ቱቦው ላይ የተጻፈው ስታነስ ፍሎራይድ የተባለ ሌላ ንጥረ ነገር 0.454 በመቶ ነው።

ጥፋቱ የአምራቹ አይደለም። በዚሁ የንግድ ስም በአሜሪካ የሚሸጠው ስታነስ ፍሎራይድ የያዘ ሲሆን፣ ኖቫሚን፣ ማለትም ካልሲየም ሶዲየም ፎስፎሲሊኬት፣ ያለበት ለገበያ የቀረበው እንደ ካናዳ ባሉ ሌሎች አገሮች ነው። ስለዚህ ሻጩ ወይ የሚሸጠውን አያውቅም፣ ወይ እያወቀ ይዋሻል። የካርቶኑን ዝርዝር በራሱ ስቲከር መሸፈኑና፣ ገንዘቧን ስትጠይቀው «ማሸጊያው ተከፍቷል» ብሎ መመለሱ ሁለተኛውን እንድጠረጥር ያደርገኛል።

ሳሙናው ራሱ መጥፎ አይደለም። ድድ ሲሸሽ ወይም ኢናሜል ሲሳሳ ዴንቲን (ከኢናሜሉ ሥር ያለው የጥርስ ክፍል) ይጋለጣል፤ በውስጡ ባሉት ጥቃቅን ቱቦዎች ያለው ፈሳሽ በቅዝቃዜ ሲንቀሳቀስ ነርቩን ይቀሰቅሳል። ስታነስ ፍሎራይድም ሆነ ኖቫሚን የእነዚህን ቱቦዎች አፍ ይደፍናሉ፤ በብዙ ሳሙናዎች ውስጥ 5 በመቶ የሚገባው ፖታሲየም ናይትሬት ደግሞ ነርቩን ያረጋጋል፤ እሱም በቀን ሁለት ጊዜ ተቦርሾበት ለውጡ የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ነው። ማዕድናት የላላ ኢናሜልን ሊያጠነክሩ ይችላሉ፤ ተበልቶ ያለቀውን መልሶ የሚያበቅል ሳሙና ግን የለም። (በ«ስጦታ» የተጨመረው የከሰል ዱቄት ጥርስን የሚፍቅ በመሆኑ ለሚጠርስ ጥርስ ጭራሽ አይመከርም።)

ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት የንጥረ ነገሮቹን ዝርዝርና የአገልግሎት ማብቂያ ጊዜውን በግልጽ የሚያሳይ ፎቶ ጠይቁ፤ የማዕድኑን ስምና መጠን የማይናገር ሻጭ ካጋጠማችሁ ተዉት። ከሁሉ በላይ ግን፣ ቀዝቃዛው ከተወገደ በኋላ የሚቆይ፣ ሌሊት የሚቀሰቅስ ወይም አንድ ጥርስ ላይ ብቻ የሚሰማ ሕመም የተቦረቦረ ወይም የተሰነጠቀ ጥርስ ምልክት ሊሆን ስለሚችል፣ በሳሙና እያስታገሡ ከመቆየት ይልቅ ለጥርስ ሐኪም ማሳየት ይገባል። በአሜሪካ የሚሸጡት የእነዚህ ሳሙናዎች ማሸጊያዎችም ሐኪም ካላዘዘ በቀር ከ4 ሳምንት በላይ እንዳይጠቀሙባቸው ያስጠነቅቃሉ፤ የእህቴ ሻጭ ስቲከር የሸፈነው ይህንንም ጭምር ነው።