የድሮ ቀለም ለማስፋቅ ማን ይሻላል? ቀቢ፣ ኮንትራክተር ወይስ አናጢ

ደብረ ብርሃን ውስጥ ሠርግ ወይም ፋሲካ ሲቃረብ የድሮ ቤት በር ይፋቃል። አምና ጠባሴ ያለው የአክስቴ ቤት ተራ ደረሰ። በሩና መስኮቱ ላይ የዘይት ቀለም በየዓመቱ ተደራርቦበታል። በቁርጥ የያዘው ቀቢ በግራይንደር ፈጨው። ብርዱን ፈርተን መስኮት አልከፈትንም። አቧራው መሶቡ ላይ፣ ፍራሹ ላይ፣ ዳዴ የሚለው የልጅ ልጇ መጫወቻ ላይ ሁሉ አረፈ። ያን ቀን ሳስበው አሁንም ሆዴ ይረበሻል።

የድሮ ዘይት ቀለም፣ በተለይ ቢጫውና ቀዩ፣ የብረት አንቲረስቱም (ዝገት መከላከያ ቀለሙ) ጭምር፣ እርሳስ ሊኖረው ይችላል። ሊድ የሚባለው ብረት ማለቴ ነው። የልጅ አእምሮ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት አይመለስም። ነፍሰ ጡርንና ፅንስንም ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅት ምንም ጉዳት የሌለው መጠን አይታወቅም ይላል። አገራችን ለቀለም የ90 ፒፒኤም (ከሚሊዮን እጅ 90 እጅ) የእርሳስ ገደብ አውጥታለች፤ የእናንተ በር ግን ከዚያ በፊት ተቀብቶ ሊሆን ይችላል። ካላስመረመራችሁት እንዳለበት ቁጠሩት።

ግድግዳው ላይ ቀለሙ ካልተላጠና ካልተሰነጠቀ የሚፍቅ ሰው አትቅጠሩ። አጥባችሁ በላዩ አስቀቡት። ትልቁ አደጋ የሚመጣው ሲላጥና ሲፋቅ ነው። ሦስቱንም ባለሙያ የምመዝነው በዋጋ ሳይሆን በአቧራ አያያዝ ነው።

የሰፈር ቀቢ ርካሽ ነው፣ ቶሎም ይገኛል። ችግሩ በቁርጥ ሲይዝ መቸኮሉ ነው። የቸኮለ ሰው በደረቁ ይፍቃል። ስለዚህ በቀን ክፈሉት። ውሃ መርጫ፣ ወለል ላይ የሚነጠፍ ወፍራም ላስቲክና ኤን95 ማስክ እናንተ ግዙ። የጨርቅ ማስክ አይበቃም። ቀለሙን እያረጠበ በእጅ ይፋቅ። ግራይንደርም ሆነ በእሳት ማቃጠል አይሆንም በሉት። አብራችሁት ቆማችሁ የምትከታተሉ ከሆነ ጥሩ ምርጫ ነው። ካልሆነ ይቅር።

የፊኒሺንግ ኮንትራክተር ውድ ነው። ግን ውል ይፈርማል። ለሙሉ ቤት እሱን እመርጣለሁ። ፈቃድ ስላለው ብቻ እርሳስ ያውቃል ብላችሁ ግን አትመኑ። አሜሪካ ውስጥ ከ1978 በፊት በተሠራ መኖሪያ ቤት የተቀባ ነገር በክፍያ የሚነካ ድርጅት ለዚሁ ሥራ የተለየ ማረጋገጫ መያዝ አለበት። እኔ እዚህ እንዲህ ያለ ወረቀት ያሳየኝ አልገጠመኝም። ስለዚህ ውሉ ላይ አስጽፉ፦ በእርጥብ ይፋቃል፣ ክፍሉ በላስቲክ ይዘጋል፣ ወለሉ በየቀኑ በእርጥብ ጨርቅ ይወለወላል። በደረቅ መጥረጊያ መጥረግ አቧራውን መልሶ ያስነሳዋል። የክፍያውን የመጨረሻ ክፍል ጽዳቱን አይታችሁ ስጡ። ሄፓ ማጣሪያ (በጣም ደቃቅ ብናኝ የሚይዝ) ያለው የአቧራ መምጠጫ ቫኪዩም ካለው ደግሞ ለእሱ ትንሽ ጨምሬ ብከፍል አይቆጨኝም።

አናጢው በሩን ወይም መስኮቱን ነቅሎ አዲስ ይገጥማል። ለአንድ በር ከሁሉም ውዱ እሱ ነው፤ በጥንቃቄ ከነቀለው ግን አቧራው ትንሽ ነው። ሲከፈትና ሲዘጋ የሚፋተግ መስኮት ካላችሁ አናጢውን ቅጠሩ። ፍትጊያው በየቀኑ አዲስ ብናኝ ያወጣልና። እዚህ ላይ አደራ የምለው አለ። በእኛ አገር ብርድ አሮጌ እንጨት አይጣልም፣ ምድጃ ውስጥ ይገባል። ቀለም የነካውን እንጨት እንጀራ አትጋግሩበት፣ አትሙቁትም። እርሳሱ ከጭሱና ከአመዱ ጋር ቤት ውስጥ ይቀራል። ፍቅፋቂውንም ጎመን ያለበት ጓሮ አትድፉት፤ በላስቲክ አስራችሁ አስወግዱ።

የአክስቴን ሁለተኛ ክፍል ዘንድሮ ያሠራነው በቀን በሚከፈለው ቀቢ ነው። አምና በአንድ ቀን ያለቀው ሥራ አራት ቀን ፈጀ። ሕፃኑ ወለሉ ሁለት ጊዜ ተወልውሎ እስኪደርቅ ጫጫ ከተማ ሌላዋ አያቱ ጋ ቆየ።