ሮም የገባን ቀን፦ ቅዱስ ጴጥሮስ ወይስ ማርያም ማጆሬ?

ሌሊቱን በርሮ ማለዳ የሮም አየር ማረፊያ ፊውሚቺኖ ለሚያርፍ የተሳላሚ ቡድን የመጀመሪያው ቀን ምርጫ ከሁለቱ ባዚሊካዎች (ትልልቅ አብያተ ክርስቲያናት) አንዱ ነው።

ቅዱስ ጴጥሮስን ሁሉም ይጓጓለታል። ግን ለፍተሻ ሰልፍ አደባባዩ ላይ ረጅም ሰዓት መቆም አለ፤ ሻንጣ ይዞ መግባት አይቻልም፣ ትከሻና ጉልበት ካልተሸፈነም በር ላይ ይመልሳሉ። ነጠላ በእጅ ቦርሳ ይያዝ እንጂ ሻንጣ ውስጥ አይቀበር! ረቡዕ ጠዋት ደግሞ ጳጳሱ አደባባዩ ላይ ሕዝቡን የሚያገኙበት ጠቅላላ ግንኙነት ሲኖር ባዚሊካው ይዘጋል። እንቅልፍ ያጡ እናቶች እዚያ ፀሐይ ላይ ሲቆሙ ጸሎቱ ቀርቶ ወንበር ፍለጋ ይሆናል።

ሳንታ ማሪያ ማጆሬ ለዚህ ቀን ይሻላል። ከአየር ማረፊያ እስከ ዋናው ባቡር ጣቢያ ቴርሚኒ ሊዮናርዶ ኤክስፕረስ የሚባለው ባቡር 32 ደቂቃ ይፈጃል፤ ከዚያ ባዚሊካው በእግር ቅርብ ነው። ሆቴሎች ብዙ ጊዜ ክፍል የሚሰጡት ከቀትር በኋላ ስለሆነ፣ ሻንጣ አስረክቦ መሄድ ነው። ፍተሻ እዚህም አለ። በግራ በኩል ባለው ጸሎት ቤት የእመቤታችን ጥንታዊ ሥዕል አለ፤ በአቅራቢያው በ2025 እ.ኤ.አ. የተቀበሩት የርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ መቃብር፣ በነጭ ድንጋዩ ላይ «ፍራንቺስኩስ» የሚል ጽሑፍ ብቻ። እዚያ ሰልፍ ይኖራል።

አንድ ነገር፦ የመገናኛ ሰዓት «9 ሰዓት» ተብሎ ብቻ አይነገር፤ ግማሹ ሰው በሀገር ቤት አቆጣጠር፣ ግማሹ በሮም ይሰማዋል። «15፡00» ተብሎ በወረቀት ይታደል።